ስለ ታልክ ዱቄት፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች

በዛሬ ጊዜ ከዱቄት ወገን ሳይበላ በየቤቱ የገባ ቢኖር ፓውደር የሚባለው ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ የደረሰ ሰው ወደ ሱቅ ቢገባ ከሳሙናው አጠገብ ተደርድሮ ያገኘዋል። እነዚህ ሦስት ከተሞች ቀድሞ የገበሬና የከብት አርቢ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ፋብሪካ ተተክሎባቸዋል፤ ብዙ ሕዝብም ሰፍሮባቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ሕዝብ ከገጠር ኑሮ ወደ ከተማ ኑሮ ሲሻገር ዐዲስ ዕቃ ቶሎ ይገባል፤ የዕቃው ትምህርት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የሱሉልታ እናት ለልጅዋ ቅቤ ስትቀባ ቅቤውን ከላሚቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከሱቅ በጣሳ የምትገዛውን ነጭ ዱቄት ግን ከምን እንደ ተሠራ የሚነግራት የለም።

ይህ ትምህርት ስለዚህ ጕዳይ ሦስት ነገር ያስረዳል። መዠመሪያ ታልክ ምን እንደ ኾነ፤ ኹለተኛ በምን በምን እንደሚያገለግል፤ ሦስተኛ ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። ስለ ሸገር ከተማና ስለ አዋጁ ከተጻፈው በቀር ዓመቱ ኹሉ የተቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

1. ታልክ ምን እንደ ኾነ

ታልክ የድንጋይ ዐይነት ነው። ከምድር ተቈፍሮ ይወጣል፤ ተመርጦ በወፍጮ ይፈጫል፤ ከዚያ በኋላ ሽቶ ተጨምሮበት በጣሳ ይታሸጋል። ፓውደር ማለት በእንግሊዝ ቋንቋ ዱቄት ማለት ብቻ ነው፤ ታልክ ግን የድንጋዩ ስም ነው፤ ይህም ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ማግኒዥየም፣ ሲሊኮን፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው ይገኛሉ። በአገራችንም በደቡብ፣ በወርቅ በታወቀው በአዶላ ምድር፣ ታልክ ያለበት ዐለት ይገኛል።

ፍሪድሪኽ ሞስ የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1812 የድንጋዮችን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በደረጃ አስቀመጠ። በዚህ ደረጃ አልማዝ 10ኛ ነው፤ ታልክ ግን ከኹሉ በታች 1ኛ ነው፤ በጥፍር ሊፋቅ ይችላል። እንዲህ የለሰለሰበት ምክንያት አሠራሩ ነው። ታልክ እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ላይ የተነባበረ ነው፤ ቅጠሎቹም እርስ በርሳቸው በጥብቅ ስላልተያያዙ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ሰው በኹለት ጣቱ መካከል ሲያሸው ዘይት የነካ የሚመስለው ስለዚህ ነው።

የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ታልክ አይደለም፤ ጠመኔ የሚሠራው ከጂብስ ወይም ከኖራ ድንጋይ ነው። ደግሞ ፓውደር የተባለ ኹሉ ታልክ አይደለም። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራም አለ፤ ይኸውም ከእህል የወጣ ስለ ኾነ የድንጋይ ዘር የለበትም። ኹለቱ በመልክም በሽታም ስለሚመሳሰሉ በዐይን ለመለየት ያስቸግራል፤ የሚለየው በጣሳው ላይ የተጻፈውን የቅመሙን ዝርዝር በማንበብ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ የላቲን ፊደል የሚያነብ ተማሪ ካለ ለእናቱ ታልክ የሚለውን ቃል ፈልጎ ሊያሳያት ይገባል። የተማረ ልጅ ለቤቱ ከሚያደርገው አገልግሎት ይህ ትንሹ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ አይደለም።

2. ታልክ በምን በምን እንደሚያገለግል

ታልክ በአሠራሩ ሦስት ጠባይ አለው፤ ያንሸራትታል፤ ቅባት ይመጥጣል፤ እሳትና ሙቀትም ቶሎ አይበግረውም። አገልግሎቱ ኹሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ነው።

ስለሚያንሸራትት ቆዳ ከቆዳ ጋራ በሚፋተግበት ቦታ ሰዎች ይነሰንሱታል። ጸጉር ቆራጭ ጸጉር ከቈረጠ በኋላ በአንገት ላይ ያደርገዋል። ብዙ መንገድ የሚሄድ ሰው በጫማው ውስጥ ይጨምረዋል። ጎማ የሚጠግኑት ጎሚስቶችም ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ ሲያስገቡ ላስቲክ ከላስቲክ እንዳይጣበቅና እንዳይፋተግ ታልክ ይነሰንሱበታል። ልብስ ሰፊም ጨርቅ የሚያሠምርበት ጠፍጣፋ ነገር ብዙ ጊዜ ከታልክ የተሠራ ነው።

ቅባት ስለሚመጥጥ በነጠላ ላይ ቅቤ ወይም ዘይት የፈሰሰ እንደ ኾነ ዱቄቱን ነስንሶ፣ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ፣ አራግፎ ማጠብ ቅባቱን ያቀልለዋል። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የበቆሎ ስታርች ስለሚበቃ ታልክ የግድ አይደለም።

በፋብሪካ ደግሞ ታልክ ከወረቀት፣ ከቀለም፣ ከፕላስቲክ፣ ከሸክላና ከላስቲክ ጋራ ይቀላቀላል። መድኃኒት ሠሪዎችም እንክብሉ ከማሽኑ እንዳይጣበቅ ጥቂት ይጨምሩበታል። እንግዲህ ታልክ በራሱ ክፉ ፍጥረት አይደለም፤ በቦታው ሲኾን ብዙ ይጠቅማል። ጥያቄው የሚነሣው ቦታውን ስቶ ወደ ሰው ሳንባና ወደ ሰው ሆድ ዕቃ ሲገባ ነው።

3. ለሕፃናት መነስነስ እንዴት እንደ ተዠመረ

ዱቄቱን ለሕፃን መነስነስ እጅግ የቈየ የሐኪም ሥርዐት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በአሜሪካ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የሚባል ኩባንያ የቍስል መለጠፊያ ይሠራ ነበር። የመለጠፊያው ሙጫ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስላሳከከ ማስታገሻ ይኾን ዘንድ ከዕቃው ጋራ ጥቂት ታልክ መላክ ዠመረ። ሰዎችም ዱቄቱ የሕፃናትን ቆዳ እንደሚያለሰልስ ስላስተዋሉ ኩባንያው በ1894 የሕፃናት ፓውደር ብሎ ለብቻው ለገበያ አወጣው። ከዚያ በኋላ ልማዱ በዓለም ኹሉ ተስፋፋ፤ ሽታውም የሕፃን ሽታ እስኪመስል ድረስ ተለመደ።

እንግዲህ ሕፃን ያለ ታልክ ብዙ ሺህ ዘመን አድጓል። ታልክ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቆዳ እንዳይፋተግ ማድረግ ነው። ቆሻሻን አያነጻም፤ ተባይን አይገድልም፤ ቍስልንም አያድንም።

4. መዠመሪያው ጕዳት በትንፋሽ የሚገባው ነው

ወፍጮ ቤት ለማስፈጨት የሄደ ሰው የባለ ወፍጮው ቅንድብና ሽፋሽፍት በዱቄት ነጥቶ ያየዋል፤ ሲያስለውም ይሰማዋል። ቅንድብ ላይ የሚታየው ዱቄት ወደ ሳንባም ይገባል። የእህል ዱቄት እንኳ ይህን የሚያደርግ ከኾነ የድንጋይ ዱቄት የባሰ መኾኑ ግልጽ ነው፤ ታልክ በውኃ አይሟሟምና። እናት ሕፃኑን አስተኝታ ጣሳውን በፊቱ ላይ ባራገፈች ጊዜ ዱቄቱ እንደ ጭጋግ ይነሣል፤ ሕፃኑም ያንን ጭጋግ ይተነፍሳል።

ሕፃን በኹለት ምክንያት ከትልቅ ሰው ይልቅ ይጐዳል። አንደኛ የአየር ቧንቧው ጠባብ ስለ ኾነ ጥቂት ዱቄት ይዘጋዋል። ኹለተኛ ከትልቅ ሰው አብልጦ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ጣሳው ደግሞ ጡጦ ስለሚመስል ልብስ በሚለወጥለት ጊዜ ሕፃኑ ይዞ እንዲጫወትበት የሚሰጡት አሉ፤ ክዳኑም ሲከፈት ዱቄቱ ባንድ ጊዜ በአፉና በአፍንጫው ላይ ይፈሳል። እንዲህ ባለ አደጋ የታመሙና የሞቱ ሕፃናት መኖራቸውን በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ሐኪሞች ጽፈዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ለሕፃን ፓውደር እንዳይነሰነስ ይመክራል። የበቆሎው ስታርችም ቢኾን በፊት ላይ ከተራገፈ ወደ ሳንባ መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ለኹለቱም ነው።

ሕፃን ዱቄቱን በድንገት የሳበ እንደ ኾነ እንዲህ ይደረግ።

አንደኛ፤ ሕፃኑን ከዱቄቱ አርቆ ነፋሻ ወደ ኾነ ቦታ መውሰድ።

ኹለተኛ፤ ፊቱን፣ አፉንና አፍንጫውን በውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማበስ፤ ዱቄት የነካውንም ልብስ ማውለቅ።

ሦስተኛ፤ ለማስታወክ ብሎ ጣት በጕሮሮው አለማስገባት፤ ቅቤም ኾነ ዘይት አለማዋጥ፤ እነዚህ ወደ ሳንባ ገብተው ሌላ ሕመም ያመጣሉና።

አራተኛ፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ። በመዠመሪያ ጥቂት ስሎ ዝም ያለ ሕፃን ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ሳንባው እያበጠ ሄዶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው አለ። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ፣ ከንፈሩም የጠቈረ እንደ ኾነ አንድ ደቂቃ እንኳ መቈየት አይገባም።

በየቀኑ የታልክ ጭጋግ የሚተነፍስ ትልቅ ሰውም ከጕዳት አያመልጥም። ታልክ በሚፈጭበትና በሚቀላቀልበት ፋብሪካ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች ሳንባቸው እየጠነከረና እየጠበበ የሚሄድ በሽታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ጎሚስታም ኾነ የፋብሪካ ሠራተኛ ዱቄቱን ሲነሰንስ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ በተዘጋ ቤትም አይሥራ፤ ወለሉንም በደረቅ መጥረጊያ አያቡንን፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ።

የደቀቀ ምድር ሰውነትን እንደሚጐዳ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ደጋ ቀይ አፈር በበዛበት ምድር በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች እግራቸው የሚያብጥበት በሽታ አለ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲመረምር፣ በሽታውን የሚያመጣው ከአፈሩ ወደ እግር ቆዳ የሚገባ እጅግ የደቀቀ የድንጋይ ብናኝ መኾኑን አስረዳ። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። የደቀቀ ነገር ስለ ለሰለሰ ብቻ ጕዳት የለበትም ማለት እንዳይቻል ይህ ይመሰክራል።

5. ኹለተኛው ጕዳት በድንጋዩ ውስጥ የተደባለቀው ነው

አስቤስቶስ የሚባል ሌላ ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ እንደ ቃጫ በክር በክር የሚከፈል ነው፤ ክሩም ከጸጉር እጅግ ስለሚቀጥን በዐይን አይታይም። ወደ ሳንባ የገባ እንደ ኾነ አይወጣም፤ ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ዓመትም በኋላ በሳንባና በሳንባ ሽፋን ላይ ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ይህ ያላጠራጠረ፣ በሊቃውንት ዘንድ የተረጋገጠ ነገር ነው።

ታልክና አስቤስቶስ ማግኒዥየም ከበዛበት ዐለት ስለሚፈጠሩ በአንዳንድ ስፍራ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ቈፋሪው ካልተጠነቀቀ ስንዴ ከእንክርዳድ ጋራ እንደሚታጨድ ኹሉ ኹለቱ አብረው ይወጣሉ፤ አብረውም ይፈጫሉ። እንክርዳዱን ሴቶች በሰፌድ ይለዩታል፤ አስቤስቶስን ግን ከተፈጨ በኋላ የሚለየው ሰፌድ የለም፤ የሚያየውም ብርቱ ማጉሊያ መነጽር ብቻ ነው።

በጥቅምት ወር 2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባስመረመረው በአንድ የሕፃናት ፓውደር ጣሳ ውስጥ እጅግ ጥቂት አስቤስቶስ ተገኘ ስላለ፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ወደ 33,000 የሚኾን ጣሳ ከገበያ ሰበሰበ። ኩባንያው በበኩሉ ያስመረመራቸው ሰዎች አስቤስቶስ አላገኙም አለ። በ2020 ኩባንያው ታልክ ያለበትን የሕፃናት ፓውደር በአሜሪካና በካናዳ መሸጥ አቆመ፤ በ2023ም በዓለም ኹሉ አቁሞ በበቆሎ ስታርች ተካው። ዕቃው ጕዳት የለበትም የሚለውን ቃሉን ግን አልለወጠም። ሌሎች ሠሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ከታልክ የሚሠሩ ስላሉ ጕዳዩ በዚህ አልተዘጋም።

ከድንጋዩ ሌላ በፋብሪካም የሚደባለቅ አለ። በ1972 በፈረንሳይ አገር ሞራንዥ የሚባል የሕፃናት ታልክ ሲሠራ ሄክሳክሎሮፌን የሚባል ተባይ ገዳይ መድኃኒት በስሕተት ያለ መጠን ተጨመረበት። መርዙ በቆዳ ገብቶ 36 ሕፃናትን ገደለ፤ ብዙዎችንም አሳመመ። እናቶቻቸው ዱቄቱን የነሰነሱት ለንጽሕናና ለፍቅር ነበር።

6. ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሴቶች ነው

አንዳንድ ሴቶች ሽታን ለማራቅና ለመድረቅ ሲሉ ታልክ በኀፍረተ ሥጋቸው አካባቢ የመነስነስ ልማድ አላቸው። ዱቄቱ ወደ ውስጥ እየገባ ዕንቍላል የሚፈጠርበትን የሆድ ዕቃ ይደርሳል፤ በዚያም ነቀርሳ ያመጣል የሚል ፍርሃት ከተነሣ ከ50 ዓመት በላይ ኾኖታል። በ1971 የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ከታመሙ ሴቶች በተወሰደ ሥጋ ውስጥ የታልክ ቅንጣት አገኙ። በ1982 በአሜሪካ በቦስተን የተደረገ ምርመራ ታልክ የሚነሰንሱ ሴቶች በዚህ ነቀርሳ አብዝተው እንደሚያዙ አመለከተ። በ2020 የታተመ ከ250,000 በላይ ሴቶችን ያጠቃለለ ምርመራ ግን እርግጠኛ የኾነ ግንኙነት አላገኘም።

የአገር ሽማግሌ ነገር ሲያይ ዐይቻለሁ የሚለውን ምስክር፣ ሰምቻለሁ የሚለውን ምስክርና ጭምጭምታን ባንድ ሚዛን አይመዝንም። ሊቃውንትም እንዲሁ ያደርጋሉ። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ አለ፤ ነቀርሳ ያመጣሉ የሚባሉትን ነገሮች እንደ ምስክራቸው ብርታት በደረጃ ያስቀምጣል። በሐምሌ ወር 2024 ይህ ተቋም ታልክን «ነቀርሳ ማምጣቱ የሚገመት» በሚለው ደረጃ አኖረው። ይህን የወሰነው በሰው ላይ የተገኘው ምስክር ጥቂት ቢኾንም፣ በእንስሳት ላይ የተገኘው በቂ ስለ ኾነና በሰው ሕዋስ ላይ የታየውም ሥራ ብርቱ ስለ ኾነ ነው። አስቤስቶስ ግን ያለው በላይኛው፣ በተረጋገጠው ደረጃ ነው።

ይህ ደረጃ የምስክሩን ብርታት ይናገራል እንጂ የጕዳቱን ብዛት አይናገርም። በታልክ ደረጃ ቀይ ሥጋም ይገኛል፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የፈላ መጠጥም ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት የነሰነሰች ኹሉ ትታመማለች ብሎ ማስፈራራት ሐሰት ነው፤ ምንም አይደለም ብሎ መተውም ስንፍና ነው። የማያስፈልግ ነገር ጥቂት ሥጋት ያለበት ከኾነ መተው ይሻላል። ውኃና ንጹሕ የጥጥ የውስጥ ልብስ ለዚህ ቦታ ይበቃል። ሽታው የበረታ፣ የሚያሳክክ ወይም ፈሳሽ ያለው ከኾነ በዱቄት መሸፈን በሽታን መደበቅ ነው፤ በሽታውን የደበቀም መድኃኒት የለውም።

ታልክ በሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ሐኪሞች በሥራቸው ያውቁታል። በሳንባና በደረት መካከል ውኃ እየቋጠረ ለሚያስቸግረው በሽተኛ የጸዳ ታልክ ዐውቀው በመካከሉ ይነሰንሳሉ፤ ታልኩም ኹለቱን ሽፋኖች አቍስሎ ያጣብቃቸዋል፤ ውኃውም የሚቋጠርበት ቦታ ያጣል። በሐኪም እጅ መድኃኒት የኾነው ይህ ማቍሰል ያለ ሐኪም ሲኾን ጕዳት ነው።

7. ሕፃንን ደረቅ አድርጎ ስለ መጠበቅ

ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ደጋ ናቸው። የእንጦጦ ነፋስ ስለሚያስፈራ እናቶች ሕፃኑን በብዙ ልብስ ይጠቀልሉታል፤ ቀን ፀሐይ ሲበረታም አይገልጡለትም። ሕፃኑ ያልበዋል፤ ሽንቱም በጨርቁ ውስጥ ይቈያል፤ ቆዳው ይቀላል፤ ይላላጣል። ያን ጊዜ ፓውደር ይነሰነሳል። ዱቄቱም በሽንትና በላብ ርሶ እንደ ሊጥ ይጋገራል፤ በእጥፋቱም መካከል ተቀምጦ ቆዳውን መልሶ ይፈገፍጋል። የመቅላቱ ምክንያት እርጥበት ነው፤ መድኃኒቱም እርጥበቱን ቶሎ ማንሣት ነው። አባቶች ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚሉት ምክር ለዚህም ይኾናል።

ስለዚህ እንዲህ ይደረግ። የረጠበው ጨርቅ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ገላው ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ሽቶ የበዛበት ሳሙና አይነካው። ቆዳው በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እየተደረገ ይድረቅ እንጂ አይፈተግ። ከዚያ በኋላ ሙቀት ባለበት ቤት ጥቂት ጊዜ ሳይሸፈን ነፋስ ያግኘው። መቅላት ከዠመረ ሽንት ቆዳውን እንዳይነካ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ የዚንክ ቅባት ወይም ቫዝሊን ይቀባ። ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ድረስ ተለቅልቆ፣ በፀሐይ ይሰጣ።

መቅላቱ በሦስት ቀን ውስጥ ያልቀነሰ፣ ውኃ ወይም መግል የቋጠረ፣ ትኩሳትም ያለበት ከኾነ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ዐዲስ በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ ፓውደር፣ ቅቤ፣ አመድም አይደረግ፤ የጤና ባለሞያ ከሚሰጠው መድኃኒት በቀር ደረቅና ንጹሕ ኾኖ ይቈይ።

ፓውደርን ፈጽሞ ካልተውኩ የምትል እናት ብትኖር እንኳ ከበቆሎ ስታርች የተሠራውን ትምረጥ፤ ከሕፃኑ ርቃ በመዳፍዋ ላይ ጥቂት ታድርግ፤ በእጅዋ አሻሽታ ትቀባ እንጂ ከጣሳው በላዩ ላይ አታራግፍ። ጣሳውንም ከድና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ታስቀምጥ።

8. ሲገዙ ስለ መጠንቀቅ

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያ ዕቃዎችን ጭምር ያጠቃልላል፤ የሚቈጣጠረውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ነገር ግን ተቈጣጣሪ በየሱቁ በር ሊቆም ስለማይችል ገዢውም ዐይኑን ይክፈት። የሠሪው ስም፣ የተሠራበት አገር፣ የቅመሙ ዝርዝርና የማብቂያው ጊዜ ያልተጻፈበት ጣሳ አይገዛ። በፌስታል ተከፍሎ የሚሸጥ ስም የለሽ ዱቄት ቢገኝ ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ቤት አይግባ። ለሕፃናት የሚል ጽሑፍና የሕፃን ሥዕል በጣሳው ላይ መታየቱ ዕቃው መመርመሩን አያመለክትም።

9. ለመምህሩ

መምህሩ ይህን ትምህርት ሲያስተምር ከጠመኔው ይዠምር። ጧት ፀሐይ በመስኮት በገባች ጊዜ ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥቂት ይጥረግ፤ በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ልጆቹ ይዩት። ከዚያ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግና ልዩነቱን ያሳያቸው። ብናኙ ብርሃኑ በሌለበትም ቦታ እንዳለ፣ እነርሱም ሳያዩት እንደሚተነፍሱት ይንገራቸው። ይህን ያየ ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ በታናሽ እኅቱ ፊት ላይ ጣሳ ሲራገፍ ዝም አይልም።

ሽማግሌዎች ደግሞ በዕድርና በጽዋ ማኅበር፣ በክርስትናና በልደት ቤት ነገሩን በለዘበ ቃል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ያስረዱ። ለአራስ ስጦታ ፓውደር ከመውሰድ ይልቅ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ እንዲወሰድ ቢመክሩ ልማዱ ራሱ ይለወጣል። ዱቄቱን ስትነሰንስ የኖረች እናት በዚህ ምክንያት አትነቀፍ፤ ለልጅዋ መልካም መስሏት ያደረገችው ነውና፤ እስከ ዛሬ የነገራትም አልነበረም። ከዛሬ በኋላ ግን አልሰማችም እንዳይባል ማስረዳት የተማረው ሰው ዕዳ ነው።

የተማሪዎች ጥያቄ

1ኛ፤ ታልክ ከምን ይገኛል? ከትምህርት ቤት ጠመኔ በምን ይለያል?

2ኛ፤ ታልክ የሚለሰልስበት ምክንያት ምንድን ነው?

3ኛ፤ ጎሚስታ በከመነዳሪ ላይ ታልክ የሚነሰንሰው ለምንድን ነው? ሲነሰንስስ ምን ጥንቃቄ ያደርጋል?

4ኛ፤ ዱቄቱን መተንፈስ ሕፃንን ከትልቅ ሰው አብልጦ የሚጐዳው ስለ ምን ነው?

5ኛ፤ ዱቄት የሳበ ሕፃን ደኅና ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ለምንድን ነው?

6ኛ፤ አስቤስቶስ ከታልክ ጋራ የሚገኘው ለምንድን ነው? ከተፈጨ በኋላስ ስለ ምን መለየት ያስቸግራል?

7ኛ፤ «የተረጋገጠ» በሚለውና «የሚገመት» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዳ።

8ኛ፤ በቤትህ ፓውደር ካለ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ዝርዝር አንብበህ ከምን እንደ ተሠራ ለእናትህ ንገራት፤ ያገኘኸውንም ነገ ለክፍልህ አስረዳ።